የታጠረው መስክ

አባ ውበቱ በተቀበሩ ዕለት አገሩ ሁሉ ነቅሎ ወጣ። ባለሱቁ ጀብሪል እንኳ ሱቁን ዘግቶ ከለቀስተኛው ጋር ቆመ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ አልታዬ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ጆሮዋ ስለደከመ ከፊት ካልሆነች አይሰማትም።

በወጣትነታቸው ከመንደሩ ራስጌ ሰፍሮ በነበረው ጦር ውስጥ መኮንን፣ ቀጥሎ የመንገድ መሃንዲስ፣ በመጨረሻም መንኩሰው ሕዝቡን ያስተማሩ አባት መሆናቸው ተነበበ። ክህነት ይቀበሉ ተብለው ቢለመኑ፣ "እኔ ለመቅደስ የተገባሁ አይደለሁም" ብለው እምቢ ማለታቸውም አልቀረም። ሰው ትሕትናቸውን እያነሳ ከንፈሩን መጠጠ።

የመስኩም ነገር ተወሳ። ጦሩ ፈርሶ ወታደሩ ወደየአገሩ ሲበተን እሳቸው እዚሁ ቀሩ፤ ከጦር ሰፈሩ ጎን ያለውን ለጥ ያለ መስክ ፈንጂ አለበት ብለው በእሾህ አጠሩት። በኋላ ወደ ከላላ የሚወስደው መንገድ ሲሠራም መስኩን እንዲዞር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በዚህ የተነሳ ገበያተኛው እስከ ዛሬ ዳገቱን እያማረረ ይወጣል፤ እሳቸውን ግን ያማቸው የለም። ከመነኮሱ በኋላ ደግሞ ጎጇቸውን ከአጥሩ ሥር ቀለሱ። ጧት ጧት ለቤተ ክርስቲያኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ መስኩ አዙረው ሲሰግዱ ይታያሉ።

አንድ ጊዜ የጀብሪል ጊደር አጥሩን ጥሳ ገብታ ሙሉ ቀን ስትግጥ ውላ በሰላም ወጣች። ጀብሪል አላህ ያተረፋት ናት እያለ እስካሁን ያወራል።

አልታዬ የምታለቅሰው ለአባ ብቻ አልነበረም። አንድ ልጇን ብዙአየሁን በዚያ በጦርነቱ ዘመን በአፈሳ ከገበያ ወስደውባታል። መኪናው ሳይነሳ ደርሳ፣ የብር ጆሮ ኩክ ማውጫዋን ከአንገቷ ፈትታ ማተቡ ላይ አሰረችለት። ጥርስ ሲያወጣ እያኘከ ጫፏን ያጎበጣት እሱ ራሱ ነው። ወደ ሰሜን ዘመተ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። በዚያው ሰሞን ከጦር ሰፈሩ ያመለጡ ምልምሎች አሉ ሲባል ሰምታ ደጇን ከፍታ ጠበቀች። የኔ ልጅ ቢያመልጥ ኖሮ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ይመጣ ነበር ብላ ተስፋዋን ቆረጠች። መሞቱንስ ተቀብላዋለች። አንጀቷን የሚበላት አፈር የለበሰበትን ቦታ ሳታውቅ መሞቷ ነው።

አባን አንድ ቀን ጠይቃቸው ነበር።

"አባ፣ እርስዎ ጦሩን ያውቁታል። ልጄ የት ወድቆ ይሆን?"

አባ ፊታቸውን ወደ መስኩ አዞሩ። "ተዝካሩን አውጪለት" አሏት በመጨረሻ። "በሚያዝያ ጊዮርጊስ ማግስት አድርጊው።"

ለምን በዕለቱ ሳይሆን በማግስቱ እንደሆነ አልጠየቀችም። የመነኩሴ ቃል ነው ብላ በየዓመቱ በዚያው ቀን ዘከረች። አባም አንድ ዓመት አልቀሩባትም፤ እህሏን ግን ቀምሰው አያውቁም። ጾመኛ ናቸው እያለች ይብስ ታከብራቸው ነበር።

አባ ካረፉ በኋላ ቀበሌው መንገዱን ሊያቃና አሰበና ከደሴ ፈንጂ አምካኞች አስመጣ። መሪያቸው ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ወጣት ነበር። አልታዬ ምርኩዟን ይዛ ከአጥሩ ዳር ጠበቀችው።

"እናት አለችህ ልጄ?"

"አለች፣ እማማ።"

"እንግዲያው ቀስ በል። ዱዓ አደርግልሃለሁ።"

እሷ ክርስቲያን ናት፤ ወሎ ላይ ግን ዱዓ የሁሉም ነው። ወጣቱ ፈገግ ብሎ ገባ። መመርመሪያው ጮኾ እሱ በተንበረከከ ቁጥር አልታዬ ዓይኗን ጨፍና ሲፈነዳ ለመስማት ትጠብቃለች። ደጋግሞ ተንበረከከ። ምንም አልፈነዳም። ጀብሪል ሻይ አምጥቶ ቢሰጣት ከእጇ ላይ ቀዘቀዘ። የሰው ልጅ እዚህ ዓይኗ ሥር እንዳይሞትባት ስትለምን ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ወጣቱ ጭንብሉን አውልቆ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፈንጂ የለም፣ እማማ። አንድም አልነበረም።"

ጀብሪል፣ ታዲያ አባ ለምን አጠሩት ሊል አፉን ከፈተና ወጣቱ የያዘውን ጨርቅ አይቶ ተወው። ወጣቱ ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጋው። ከአጥንት መሃል የተለቀሙ የዛጉ የቀበቶ ዘለበቶች፣ የልብስ ቁልፎችና እንደ እጅ ማሰሪያ የተጠመዘዘ ሽቦ ነበሩ። ከዚህ አካባቢ ልጅ የጠፋበት ሰው ካለ ብሎ ጠየቀ።

አልታዬ ጎንበስ አለች፤ ከዘለበቶቹ መሃል አንዲት የጠቆረች የብር ጆሮ ኩክ ማውጫ አንስታ የጎበጠ ጫፏን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።