መርዶ በፖስታ አይሄድም

«‹እዚህ አገር እንደኛ ክረምትና በጋ የለም› ትላለች» አለች ሲቲ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሳ። መሠረተ ትምህርት ነው ያስተማራት፤ ደብዳቤ ስታነብ ምስር እንደሚለቅም ሰው አንድ በአንድ ነው። «‹ስድስት ወር ዝናብ፣ ስድስት ወር ደረቅ ነው። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ከባሕሩ ነፋስ ይነሳል። ለየነፋሱ እንደ ልጅ ስም ያወጡለታል። የዘንድሮው የሴት ስም አለው።›»

«ለሚያጠፋቸው ስም!» አለ ታላቅ ወንድሟ እንድሪስ። ውይይት ታክሲውን መገናኛ አቁሞ ነው የመጣው፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነው። «ቀጥዪ።»

ደብዳቤውን የጻፈችው ፈዲላ የእህታቸው የሸሪፋ ልጅ ናት። አባቷ ኦጋዴን ወድቆ ሲቀር መንግሥት «የጀግና ልጅ» ብሎ በመርከብ ኩባ ላካት፤ እዚያ አንዲት ደሴት ላይ ትምህርት ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። ሸሪፋ ሐምሌ ላይ ሞታለች። ልጅቱ አልሰማችም። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ክንድ ባለበት ነው የሚነገረው። እናም ሸሪፋ በሕይወት ሳለች ቃሏን ትጽፍላት የነበረችው ሲቲ፣ ከሞተችም በኋላ «እኔ እናትሽ ደህና ነኝ» እያለች ሦስት ደብዳቤ ልካለች።

«‹የመመገቢያው ጠረጴዛ ሥር ገባን። መሐል ላይ ድንገት ጸጥ አለ። ያለፈ መስሎን ልንወጣ ስንል መምህራችን በሩን ዘጋ። ይሄ የነፋሱ ዓይን ነው፣ ግማሹ ገና ይመጣል አለን። መጣ። የመኝታ ቤታችንን ጣሪያ ገሽልጦ ወሰደው።›»

«ተረፈች?»

«ጋሼ ደግሞ፣ ሞታ ትጽፋለች እንዴ!»

እንድሪስ ሊስቅ ብሎ ተወው። የእህቱ ጣት አንድ መስመር ላይ ቆሟል።

«ምን አለች?»

«‹ሻንጣዬን ጎርፍ ወሰደው። ደብዳቤዎችሽ በሙሉ እሱ ውስጥ ነበሩ። እማ፣ ስፈራ የጣትሽን አሻራ ጉንጬ ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው። መጨረሻ በላክሻቸው ሦስቱ ላይ ግን አሻራሽን ፈልጌ አጣሁት። ለምን ተውሽው? አሁን ባዶ ወረቀት ላይ አድርገሽ ላኪልኝ።›»

ሸሪፋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከደብዳቤው ግርጌ አውራ ጣቷን ቀለም ቀብታ ነበር የምትጫነው። ሲቲ ይህ አንድም ቀን ትዝ አላላትም። መጻፍ ለቻለ ሰው አሻራ ምኑ ነው?

«ያንቺን አድርጊበት» አለ እንድሪስ። «ከምን ታስተያየዋለች? የድሮው ባሕር ገብቷል።»

«የእህታችን አሻራ ሌላ የት አለ? ያ ብቻ ነበር እኮ የቀረን።»

«እንግዲያው ንገሪያት! ባሕር ማዶ ብቻዋን ፊቷን ስትነጭ ማን ሊይዛት ነው?»

«እስከ መቼ እዋሻታለሁ?»

«እስክትመለስ።»

«ስትመለስስ፣ ጋሼ? በእናቷ ስም የዋሸኋትን ልጅ በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?»

እንድሪስ ቁልፉን አገላበጠ።

ሲቲ እስክሪብቶውን ሰብራ ቀለሙን አውራ ጣቷ ላይ ቀባች። ወረቀቱ ላይ ተጫነች። ቀጭን ሆነ። የሸሪፋ ሰፊ ነበር፤ ሾላ ገበያ በርበሬ ሲቀነጥስ የኖረ ጣት።

ሌላ ወረቀት ገነጠለች። እንደገና ቀባች። ጣቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያንከባለለች፣ እስኪሰፋ ድረስ ተጫነች።