አደይን ማን ይቀብራታል?

«እዚህ ከተማ ብትሞቺ... ማነው የሚቀብርሽ?»

አደይ የምትቀነጥሰው በርበሬ ከእጇ ወደቀ።

የጠየቃት አቶ ዳምጤ ነው... የቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ። ፊቱ የማይፈታ፣ ሰላምታው እንኳ በቁጥር የሆነ ሰው። ደብተሩን ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ደግኖ መልሷን ይጠብቃል።

ነገሩ በ1966 ነው። ሰሜኑን ድርቅ አራቁቶታል። አደይም ባሏን ቀብራ፣ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ፣ በእግርም በጭነት መኪናም ብላ ቡታጅራ ከገባች አራት ወሯ ነው። የምትውለው በእትዬ ሳሌሃ የበርበሬ መጋዘን፣ የምታድረውም እዚያው ከጆንያው ጀርባ።

እንግዲህ ለዚች ሴት ነው «ብትሞቺ» የሚላት...

በአገሯ ቅሬ አለ፤ ሰው ሲሞት መንደሩ ተጠራርቶ ይቀብራል። የመንግሥት ሰው ደብተር ይዞ ስለ ቀብር ሲጠይቅ ግን አይታም ሰምታም አታውቅ።

ደግሞ ገበያው ውስጥ ወሬ ተነዝቷል። አርብ መኪና ይመጣል፣ ከሰሜን የመጣውን ሁሉ ለቃቅሞ ወደ መጣበት ይመልሳል እየተባለ ነው።

ወደ መጣበት... ወዴት? ጎጆው ፈርሷል፣ በሬው አልቋል። ሁለቱ ልጆች ያንን መንገድ ዳግመኛ አይችሉትም።

አሃ፣ አለች በሆዷ። የሚጭነውን ሰው ነው የሚመዘግበው። መንገድ ላይ ብንቀር ጠያቂ እንደሌለን እያጣራ ነው!

የምትጠራው ዘመድ ስለሌላት፣ ቀባሪ እንደሌላት ነገረችው። ስሟን ሲጠይቃት ግን ዓይኗን ሳታሽ «ወለተ ሐና» አለች። የእናቷን ስም ነው የሰጠችው።

ሞኝ አልነበረችም... የፈራ ሰው ብልጠት ነው።

አቶ ዳምጤ ጽፎ ሄደ። ለምን እንደጻፈ አልነገራትም።

አርብ መኪናው መጣ።

ከሰሜን የመጣው ሰባ የሚሆን ሰው በፖሊስ ተነድቶ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ከበላይ የተላከው ሹም ሁለት ፖሊስ አስከትሎ በረድፉ እየዞረ ስም ይጠይቃል። አደይ ተራዋ ሲደርስ «አደይ» አለችው። ደብተሩ ላይ የሰፈረችው ወለተ ሐና ናት፤ አደይን የሚፈልጋት የለም ብላ ነው።

ከዚያ አቶ ዳምጤ ደብተሩን ገልጦ ይጠራ ጀመር። የተጠራ ሁሉ ልጫን ነው እያለ ወደ አጥሩ ይሄዳል።

«ወለተ ሐና!»

የወጣ የለም።

ሁለቴ ጠራ፣ ሦስቴ ጠራ። አደይ የልጆቿን እጅ ጭብጥ አድርጋ መሬት መሬት አየች። እሰይ፣ አመለጥኩ እያለች።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ሹሙ እነዚህ ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቀ።

«የከተማችን ነዋሪዎች ናቸው» አለ አቶ ዳምጤ። «ትእዛዙ ነዋሪ ያልሆነውን መልሱ ነው የሚለው። እነዚህን እድራችን መዝግቧቸዋል። ቢሞቱ የምንቀብራቸው እኛ ነን... የምንቀብረው ሰው ደግሞ የኛ ነው።»

ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤም ሰጠው። ሹሙ ደጋግሞ አነበበው። ፊቱ ጠቆረ እንጂ ደብዳቤው ላይ የሚነቅፈው ነገር አላገኘም።

«እሺ» አለ፤ «ያልተጠራ ግን መኪናው ላይ ይውጣ።»

ያልተጠሩት አደይና ልጆቿ ብቻ ነበሩ።

ወለተ ሐና እኔ ነኝ ብላ ሹሙ እግር ስር ወደቀች። እሱ ሳቀባት... አሁን አደይ ነኝ አላልሽም ወይ? አንዱ ፖሊስ ትንሿን ልጅ አንስቶ መኪናው ላይ አስቀመጣት።

አደይ ወደ አቶ ዳምጤ ዞረች። ሰውየው አውቋታል። ሴትየዋ ዋሽታኛለች ቢል ደብተሩ በሙሉ ውሸት ነው ሊባል ነው... ሰባው ሰው ሊጫን ነው። ዝም አለ። አዎ፣ ዝም አለ!

ያን ጊዜ እትዬ ሳሌሃ ሰውን እየገፋች መጣች። ቀን ሙሉ አደይን ስትቆጣ የምትውለው እትዬ ሳሌሃ።

«እኔ እቀብራታለሁ» አለች።

«አንቺ እስላም አይደለሽም እንዴ? ክርስቲያን እንዴት አድርገሽ ነው የምትቀብሪው?»

«ፍታቱን ቄሱ ያድርሱ። ጉድጓዱን የማስቆፍረው፣ ድንኳኑን የማስተክለው፣ ልጆቿን የማሳድገው ግን እኔ ነኝ። ስሟ ወለተ ሐናም ይሁን አደይ... ወላሂ፣ ሴትየዋ እቺው ናት፤ ከኔ ቤት ነው ያለችው።»

ነገሩን ለማየት መጥተው አጥሩ ጋ የቆሙት የከተማው የእድር ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ወደ ፊት መጡና ከሳሌሃ ጎን ቆሙ። አቶ ዳምጤም እስክሪብቶውን አወጣ። ሹሙ እያየው፣ ከወለተ ሐና አጠገብ «አደይ» ብሎ ጻፈ።

ሳሌሃ ልጅቷን ከመኪናው አወረደቻት።

መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

አሁን ጉዱን ስሙ...

«እድር የመዘገበው ነዋሪ ነው» የሚል ሕግ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አልነበረም! የከተማው ሰዎችና የእድር ሽማግሌዎች ሐሙስ ዕለት ማዘጋጃ ቤት ተቀምጠው፣ ራሳቸው ወስነው፣ ራሳቸው ማኅተም ያሳረፉበት ነው። አቶ ዳምጤ ለስደተኞቹ ያልነገራቸውም ወሬው ቀድሞ ሹሙ ዘንድ እንዳይደርስ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻ ከበላይ አጭር ትእዛዝ መጣ... ከተማው የመዘገበውን ከተማው ያኑር። ጎረቤቶቹ ከተሞች ቡኢና እንሴኖም ወረቀቱን አስገልብጠው ወሰዱ።

ወዳጆቼ... ሕግ ሁልጊዜ ከላይ ብቻ አይወርድም። የትንሽ ከተማ ሰው ከጨከነ፣ የላዩን ያስለውጣል። ደግ ሥራ ደግሞ ደብተር ብቻ አይበቃውም፤ ሰው ፊት ወጥቶ አፉን የሚከፍትለት ይፈልጋል።

አቶ ዳምጤ ያቺን ሰዓት ዝም በማለቱ እኔ በበኩሌ መፍረድ አቅቶኛል።

እናንተ በሱ ቦታ ብትሆኑ፣ ለአንዲት ሴት ብላችሁ የሰባውን ሰው ዕጣ አደጋ ላይ ትጥሉ ነበር? ወይስ እንደሱ ዝም ትሉ ነበር? እውነት እውነቱን ጻፉልኝ...