እብጠት ያለባት ዶሮ

መነጽር ያደረገው ሰውዬ የሀጅራን ዶሮዎች አንድ በአንድ ክንፋቸውን እየገለጠ አየና እብጠት ያለባትን መረጠ። ሀጅራ ቀልቧ አልወደደውም። መርካቶ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ዶሮ ስትሸጥ የታመመች መርጦ የሚገዛ አይታ አታውቅም፤ ለጠንቋይ የሚገዛ እንኳ የሚጨነቀው ለቀለሟ ነው። ከኪሱ ያወጣት ደብተር ደግሞ የቀበሌ ሰዎች የሚይዟትን መሰለቻት።

«ለምርምር ነው፣ እናቴ» አላት አስተያየቷን አይቶ። «እብጠቱን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሴሏን እንደ ቤት ይቁጠሩት፤ ይገባና እዚያው ይራባል። ኢንተርፌሮን የሚባል፣ ሰውነት ቫይረስን የሚከላከልበት ነገር ስንጨምርበት በአይጥ ሴሎች ላይ ጉድ አየን። ቫይረሱ አልሞተም፤ ቤት ውስጥ አለ፤ ግን በሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይወጣም። የዶሮም እንደዚያው መሆኑን ለማየት ብዬ ነው።»

የዶሮዋን እግር የያዘው የሀጅራ እጅ ላላ። ልጇ የብሔራዊ ውትድርናን አፈሳ ሸሽቶ ቤቷ ኮርኒስ ውስጥ ከተደበቀ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ይህን ሰውዬ ማን ነግሮት ነው ቤት ውስጥ አለ፣ አይወጣም እያለ በነገር የሚወጋት?

«እኔ ቤት የተደበቀ ሰው የለም» አለችው።

ሰውዬው ግራ ገብቶት አያት። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና ደብተሩን ዘጋ። «እኔ ያወራሁት ስለ ዶሮዋ ብቻ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሀጅራ ግን የራሷን ድምፅ ዝቅ አላደረገችም ነበር። ከጎኗ እንቁላል ስትደረድር የነበረችው ባይነሽ፣ ባለፈው ወር አንድ ልጇ የታፈሰባት ባይነሽ፣ እንቁላሉን እጇ ላይ እንደያዘች ዓይኗን ሀጅራ ላይ ተክላ ቀርታለች።