የክንፈ ሚስት

ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ሴትዮ የክንፈን ወረቀት ወደ እኔ ታዞርና በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ ቦታ ትነካለች። «ሌዲሽ» ይላል። ያላገባ ማለት ነው። ባሌ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ዛሬ ካልተስተካከለ የሞቱ ምስክር ወረቀት እንዲሁ ሆኖ ይወጣል።

ያለነው ጀርመኖች ሽታንደስአምት በሚሉት የጋብቻና የሞት መዝገብ ቤት ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ኑኃሚን ልታስተረጉምልኝ በቀኜ ተቀምጣለች፤ ጻይልስሃይም ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋን ጨርሳ በቀጥታ ነው የመጣችው። በግራዬ ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል ናቸው። ሕግ መማር ጀምረው በወጣትነታቸው የተሰደዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሕገ መንግሥቱን በወረቀት አትመው ይዘው መጥተዋል።

ሴትዮዋ በአገራችሁ ጋብቻን የሚወስነው ማን ነው ትላለች። እኛ የተጋባነው ደብረ ታቦር፣ በቁርባን ነው፤ ያኔ የመዘገበን መሥሪያ ቤት አልነበረም። አሁን ማስረጃ ብንጠይቅ፣ አዲስ አበባ የጻፍንለት ቢሮ ጋብቻ የክልል ጉዳይ ነው ብሎ መለሰልን። የክልሉ ደግሞ ምዝገባ የፌዴራል ነው አለ። ሁለቱ ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል የቤተሰብ ሕግ የሚያወጣው እያንዳንዱ ክልል እንደሆነ፣ የፌዴራሉ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ እንደሆነ በጀርመንኛ ያስረዳሉ። ሴትዮዋ ቅንድቧን ታነሳለች። እዚህ የፌዴራሉ መንግሥት ነው፣ ያለንበት ክልል ሄሰን የራሱ የጋብቻ ሕግ የለውም ትላለች።

ኑኃሚን ወደ እሳቸው ዞራ በአማርኛ፣ «የእኛም ተሻሽሎ እንደዚህ ቢሆን ምን አለበት፣ ጋሼ? ክልል በተሻገርን ቁጥር ሚስት ነሽ አይደለሽም ልንባል ነው እንዴ?»

«ሕገ መንግሥት እንደ ቴርሚን፣ እንደ ሐኪም ቀጠሮ አይቀየርም፣ ልጄ። ደግሞስ አንድ ሕግ ሲባል የማን ሕግ ሊሆን ነው? ሰው የሚጋባው እንደየወጉ ነው።»

«ታዲያ ወጉ ለእትዬ ተዋበች ምን ጠቀማት?» ትላለች ወደ እኔ እየጠቆመች።

እሳቸው ወረቀታቸውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል።

ሴትዮዋ ሌላ መንገድ አለ ትላለች። ማስረጃ የማይገኝ ከሆነ ቃሌን መስጠት እችላለሁ፤ አለቃዋ አይቶ ይወስናል። አንድ ነገር ብቻ አልገባትም። ሁለታችሁም እዚሁ ከተማ እየኖራችሁ ለምን መጥታችሁ አልተፈራረማችሁም?

ኑኃሚን እስክትተረጉም አልጠብቅም፤ ገብቶኛል። በአማርኛ እመልሳለሁ፣ እሷ ትተረጉማለች። ክንፈ ብቻውን ተሰዶ ሲመጣ፣ ወረቀት ስለሌለው ያላገባ ብለው መዘገቡት። እኔ ከአራት ዓመት በኋላ መጣሁ። ባለፈው መጋቢት፣ የክንፈ የቀዶ ጥገና ቀን ሳይደርስ፣ ኒድ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ሳለን፣ መዝገብ ቤት ሄደን እንጋባ አለኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። በቁርባን የተጋባ ሰው እንደገና አይጋባም፤ ብንፈርም የፊተኛውን የካድን መሰለኝ።

ይህን ከዛሬ በፊት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል ቀና ብለው ያዩኛል። ለመፈራረም እምቢ ያለው ክንፈ ይመስላቸው ነበር።

ሴትዮዋ ትጽፋለች። ስትጨርስ ኑኃሚን እንድታነብልኝ ወረቀቱን ትሰጣታለች። ኑኃሚን ቀስ እያለች በአማርኛ ታነባለች።

«ሟቹ እንድታገባው ጠየቃት። ባሏ ስለሆነ እምቢ አለችው።»

ልክ ነው ወይ ብላ ታየኛለች። ልክ ነው እላለሁ፤ እፈርማለሁ።

ደብረ ታቦር ስንጋባ ማንም አልጠየቀኝም። ሽማግሌ የተላከው ወደ አባቴ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ክንፈ ራሱ አፍ አውጥቶ የጠየቀኝ በዚያ መጋቢት ብቻ ነው። ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ለሐኪሙ የለበሰ መስሎኝ ነበር።