ከአንገት አጥንት ሥር

ቀዩ ብዕር ከጉሮሯቸው ሥር ካለው ጎድጓዳ ተነሥቶ በአንገት አጥንታቸው ላይ ወደ ግራ ይሄዳል። ይኮረኩራል። እማማ የሺአረግ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጣናን ያያሉ፤ ሐይቁ ከሰማዩ ጋር አንድ ቀለም ሆኖ ታንኳዎቹ በደመና ላይ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ።

"አይንቀሳቀሱ እምዬ" ትላለች ርሆቦት፣ ሐኪም ለመሆን የምትማረው የልጅ ልጃቸው። ነገ የተግባር ፈተና አለባት። ባለፈው ወድቃበታለች፤ አሁን ከወደቀች ዓመቱን ትደግማለች።

"ቄሱ ድንገት ቢመጡ ምን ልበል? ካርታ ሆንሁ ልበል?"

"ይበሏቸው። ይኸው፣ ትልቁ ደም ቅዳ ከልብ ወጥቶ እንደ ድልድይ ይጎብጣል። ከጉብጠቱ አናት ሦስት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የመጨረሻው በዚህ አጥንት ሥር አልፎ ወደ ግራ እጅዎ ይወርዳል።" ቀዩን ትታ ሰማያዊውን ታነሣለች። "ይህኛው ደግሞ ደም መልስ ነው። ከላይ ያለውን ደም ሰብስቦ ወደ ልብ ይመልሳል።"

እማማ የሺአረግ ዓይናቸውን ይከድናሉ። በሐይቁ ዳር ባለችው ቁንዝላ ሳሉ፣ በልጅነታቸው፣ ዓባይ ከጣና ሳይቀላቀል መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል ሲባል ሰምተዋል። ቀዩና ሰማያዊው እንዲሁ ሳይነካኩ በውስጣቸው ሲያልፉ ይታያቸዋል። ለጥቂት ጊዜ ሰውነታቸው ሰፊ፣ ጸጥ ያለ ውሃ ይሆናል።

"አሁን የእጅዎን ትርታ ልይ።"

ቀኛቸውን ይሰጣሉ።

"ይሄማ ከበሮ ነው። ግራዎን።"

ግራ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ይሸጉጣሉ። ልብስ ሲያሰጡ ግራ እጃቸው እየዛለ መውደቅ ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል። የሐይቁ ብርድ ነው ብለው በድብቅ ጸበል ያስነኩታል፣ ቅቤ ያሹታል። ይህች ልጅ ብትሰማ ደብተሯን ጥላ እሳቸውን ይዛ ትሮጣለች። ፈተናው ይለፍ እንጂ።

ቀኙን መልሰው ይዘረጋሉ።

"ይሄ ቀኙ ነው እኮ።"

"እርጅና ነዋ፣ ግራ ቀኙ ጠፍቶኝ።"

ርሆቦት ግራውን ራሷ ከነጠላቸው ውስጥ ታወጣዋለች። ጣቶቿ ይጫናሉ፣ ይነሣሉ፣ ዝቅ ይላሉ። ፊቷ ቀስ በቀስ ይጠወልጋል።

"አጣሁት።" እጁን ጭናቸው ላይ ታስቀምጠዋለች። "ባለፈውም እንዲሁ ትርታ ፈልጊ ተብዬ ነው የወደቅሁት። ጣቴ አይሰማም እምዬ። ነገ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ዓሣ ብጠብስ ይሻለኛል።"

ብዕሮቿን መሰብሰብ ትጀምራለች። እማማ የሺአረግ ዝም ቢሉ ምስጢራቸው ይተርፋል፤ ልጅቷ ግን አትተርፍም።

"ተይው፣ አታንሺው" ይላሉ። "ጣትሽ አልሳተም። እጄ ከዛለ ሁለት ወሩ ነው። እኔ ነኝ የደበቅሁሽ።"

ርሆቦት አትቆጣም። ባሠመረችው ቀይ መስመር ላይ፣ ከአጥንቱ ሥር፣ ጣቷን ታሳርፋለች። "ደም ቅዳው እዚህ ላይ ጠቦ ይሆናል" ትላለች በዝግታ። "ጠዋት ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"ከፈተናሽ በኋላ።"

"እምዬ።"

"ከፈተናሽ በኋላ፣ በቀጥታ። መፈተኛው በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።"

ልጅቷ ግራ እጃቸውን እንደገና ታነሣና ዓይኗን ትጨፍናለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከንፈሯ መቁጠር ይጀምራል፤ እማማ የሺአረግም ቁጥሩ እንዳይጠፋባት ትንፋሻቸውን ይቀንሳሉ።