የግንቦት ብርድ

ሲስተር አልጣሽ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣውን ሕመምተኛ ከመዝገብ እያየች የወቅቱን በሽታ የምትከታተል ነርስ ናት። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር አልዋጥላት አለ። ቆላው ከተማ በግንቦት ሐሩር እየነደደ "ብርድ መታኝ" የሚሉ በዙ፤ ደግሞ ሁሉም ሴቶች! ተረኞቹ ነርሶች ሳይመረምሩ የሚጽፉ መሰላትና ዛሬ ራሷ ማዳመጫዋን አንጠልጥላ ተቀመጠች።

አንዲት ወጣት ጎኗን ደግፋ ገባች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ብርድ መታኝ፣ ሲስተር።"

አዳመጠቻት። ሳንባዋ ደህና ነው፤ ሳልም ትኩሳትም የለባትም።

"በዚህ ሙቀት የምን ብርድ ነው? እውነቱን ንገሪኝ እንጂ!" ብላ ጮኸችባት።

ወጣቷ ከመጋረጃው ሥር የሚታየውን የወንድ ጫማ ሰረቅ አድርጋ አየችና ወደ ነርሷ ጆሮ ተጠጋች።

"ቀስ ይበሉ በሞቴ፤ ብርዱ ውጭ ቆሞ ይሰማል።"