ዘበኛው የረሳው ፓስዎርድ

የጋራዡ ዘበኛ ከታሰረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። አደጋው የደረሰው እሁድ ቀን ነው፣ ጋራዡ ዝግ ነበር። ለጥገና የገባች የደንበኛ መኪና ከግቢው ወጥታ፣ ማዕዘኑ ላይ አንድ አትክልት ሻጭ ገጭታ ገደለች። ሰው ሲደርስ ዘበኛው ከመኪናዋ አጠገብ ቆሟል። «እኔ ነኝ የነዳሁት» አለ። ከዚያ ወዲህ ለፖሊስ ሌላ ቃል አልሰጠም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው።

«የኔ ባል? የእጅ ጋሪ መግፋት አቅቶት አጥር የሚያፈርስ ሰው መኪና ነዳ?»

ሳቁ ወዲያው እንባ ሆነ።

የነዳው ማን እንደሆነ ለእሷ ግልጽ ነው። የባለ ጋራዡ ታናሽ ወንድም የደንበኛ መኪና እያስነሳ ሰፈር ለሰፈር መፈንጨት ልማዱ ነው። ከአደጋው በማግስቱም «ለሥራ ሄደ» ተብሎ ከከተማው ጠፋ። ጌታ አጠፋ፣ ሎሌ ታሰረ፤ ይኸው ነው ነገሩ።

የጋራዡ በር ላይ ካሜራ አለ። ባለ ጋራዡ ዘንድ ሄደች።

«ካሜራውን ይክፈቱልኝ።»

«እትዬ፣ እኔም ሞክሬ አቅቶኛል። ፓስዎርዱ ተቀይሯል። ካሜራውን የሚከታተለው ባልዎ ስለነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

አላመነችውም። ንብረቱን በፓስዎርድ ቆልፎ ቁልፉን ለዘበኛ የሚሰጥ ጌታ የት አለ?

ጣቢያ ሄዳ ባሏን ጠየቀችው። ከስቷል፤ አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል።

«ጠፋብኝ» አላት።

«አንተ? የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ የልደት ቀን በቃልህ የምትይዝ ሰው?»

«ጠፋብኝ አልኩሽ። በእናትሽ አፈር፣ ተይው። የኔ ነገር አንዴ ሆኗል። ልጃችንን ብቻ ጠብቂልኝ።»

አስፈራርተውታል፣ አለች በልቧ።

ቤት ስትመለስ ልጅቷ እንደተኛች ናት። አባቷ ከታሰረ ወዲህ እህል አልወርድላት ብሏል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የጀመረችውን ትምህርት ትታለች፤ ጓደኞቿን አታነጋግርም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መዋል ነው።

«እማዬ፣ አባዬ ራሱ ተይው ካለሽ ለምን አትተይውም?»

«አባትሽን ጅብ እየበላው እኔ ቁጭ ብዬ ልስፋ?»

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ…»

«አታልቅሺብኝ! ለቅሶ ሰው አያስፈታም።»

የካሜራ ባለሙያ ፈልጋ አገኘች። ሰውየው የጋራዡ ቢሮ ውስጥ ገብቶ መቅረጫውን አገላብጦ አየው፤ ቁጥርና ፊደል ሞካከረ። መቅረጫው ጭራሽ ተቆለፈ።

«የሸጠላቸው ሱቅ ተዘግቷል። ለፋብሪካው ጽፌ መክፈቻ ልለምን። ግን እትዬ፣ ተስፋ አልሰጥዎትም። ይኼ ከወር በላይ አይዝም፤ በድሮው ላይ አዲሱን ይቀዳበታል።»

በየማለዳው የባለሙያው ሱቅ ደጃፍ ትቆማለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ዛሬም የለም። መርማሪው ደግሞ «ሰውየው አምኗል፤ ካሜራ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ይመልሳታል። ሌሊቱ ሲነጋ እያንዳንዱ ቀን ከዚያች እሁድ ላይ ቆርሶ የሚወስድ ይመስላታል።

የሟቹ ቤትም ሄዳ ነበር። ሚስቱ ቀና ብላ አላየቻትም። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ተነሳችና መሬት ነክታ ማለች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ገዳዩን አወጣልሻለሁ።»

ወሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ባለሙያው ደወለ። መክፈቻው መጥቷል።

መርማሪው ቢሮ ደጃፍ ተቀምጣ «ካልመጡ አልነሳም» አለች። ሰለቸውና እሺ አላት። ከዚያ ወደ ቤት ሮጠች።

«ተነሺ፣ ልበሺ! የአባትሽን ነፃ መውጣት በዓይንሽ ታያለሽ።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ጋራዡ ሲደርሱ ግን «እኔ እዚሁ ልጠብቅሽ» ብላ ቢሮው ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ዘፍ አለች። እናት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ደርባላት ገባች።

ባለሙያው ጥቂት ነካካና «ተከፈተ!» አለ። ባለ ጋራዡ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። አሁን ገና ያልብሃል፣ አለችው በሆዷ።

እሁድ። ባዶ ግቢ። ባሏ ከጥግ መጥቶ ሁለቱን የበር መዝጊያዎች ወለል አድርጎ ከፈተ። ይስቃል። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ስንት ዘመኗ! ወደ ኋላ እየሄደ፣ በሁለት እጁ እያባበለ ሾፌሩን ይመራል። መኪናዋ እየተንገጫገጨች ተከተለችው፤ በሩ ጋ ስትደርስ ድንገት ተስፈንጥራ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እየሮጠ ከምስሉ ወጣ።

«ወንድምየው ነው! ያዙልኝ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

መርማሪው ምስሉን ወደ ኋላ መልሶ አቆመው። መስኮቱን አጎላ፣ ደግሞ አጎላ። ባለ ጋራዡ መነጽሩን አወለቀ።

«እትዬ» አለ መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህች እኮ ደጅ ያስቀመጧት ልጅዎ ናት።»